ጀርመን ማስተርስ፦ ሰኞ ትምህርት ይጀምራል፣ ምዝገባዬ ግን አላለቀም። የመጀመሪያውን ቀን እንዴት ልወጣው?

ሰላም_ከባህርዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የአካባቢ ምህንድስና ማስተርስ ተቀብለውኛል። ቪዛው ዘግይቶ ስለወጣ የምገባው ዓርብ ማታ ነው፤ ትምህርቱ ደግሞ ሰኞ ኦክቶበር 13፣ በእኛ ጥቅምት 3 ይጀምራል። ኦሪየንቴሽኑ አምልጦኛል። ምዝገባውን በኦንላይን ጀምሬዋለሁ፣ ግን አላለቀም፤ የተማሪ ካርድም የሙድል (የኦንላይን ትምህርት ገጹ) መግቢያም የለኝም።

ፕሮግራሙን ከድረ ገጹ አውጥቻለሁ። ሰኞ «10–12 ሲ.ቲ.፣ ኤች.ኤስ. 2፣ ፎርሌዙንግ» (ሌክቸር) ይላል፤ ከሰዓት «14–16፣ ኡቡንግ» (የመልመጃ ክፍለ ጊዜ)። ማክሰኞ ሴሚናር አለ፣ ረቡዕ ደግሞ «ላብ (ላቦራቶሪ)፣ በየሁለት ሳምንቱ» ተብሏል። ያ ሲ.ቲ. የሚባለው ምንድን ነው? ካርድ ሳይኖረኝ ክፍል መግባት እችላለሁ? ቅዳሜና እሁድ ምን ልጨርስ? ሰኞ ዕለት በምንም ምክንያት ሊያመልጠኝ የማይገባው ነገርስ የትኛው ነው? በቦታው ያላችሁ በዝርዝር ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ከሳክሶኒ፦

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ከሰዓቱ ልጀምር፣ ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የምትጋፈጪው እሱን ስለሆነ።

«10–12 ሲ.ቲ.» ከተባለ ትምህርቱ የሚጀምረው 10፡15፣ የሚያልቀው 11፡45 ነው። በሀገር ቤት አቆጣጠር ከረፋዱ 4፡15 እስከ 5፡45 መሆኑ ነው። አሥራ አምስቱ ደቂቃ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው መሄጃ ነው እንጂ ማርፈጃ አይደለም፤ ልክ 10፡15 ሲል መምህሩ ንግግሩን ይጀምራል። «ኤስ.ቲ.» የሚል ካየሽ ያለ ሩብ ሰዓት ነው፤ 10 ካለ 10፡00። ምንም ሳይጻፍበት «14–16» ብቻ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ 14፡15 ማለት ነው፣ ግን ለመጀመሪያው ቀን በ14፡00 ተገኚ። ፈተና ከሆነ የተጻፈውን ሰዓት እንዳለ ውሰጂው፤ እዚያ ላይ ሩብ ሰዓት የሚባል ነገር አትቁጠሪ።

ሁሉም ዩኒቨርሲቲ በዚህ አይሄድም። ድሬስደን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ቀኑን በ90 ደቂቃ ከፋፍሎ ቁጥር ሰጥቶታል፦ አንደኛው 7፡30–9፡00፣ ሁለተኛው 9፡20–10፡50፣ ሦስተኛው 11፡10–12፡40፣ እያለ ይቀጥላል። ፕሮግራሙ ላይ ሰዓት በመጻፍ ፋንታ «3. ዲ.ኤስ.» (ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ) ብሎ ሊያልፍ ይችላል። የአኸን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ 8፡30፣ 10፡30፣ 12፡30 እያለ በቀጥታ ይጀምራል። ስለዚህ የራስሽን ዩኒቨርሲቲ ልማድ ከድረ ገጹ አረጋግጪ።

ስልክሽን በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጊው። ከሀበሻ ልጆች ጋር ስትቀጣጠሪ «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ብለሽ ሳትጠይቂ አትለያዩ፤ «በ8 እንገናኝ» ሲባል ጠዋትም ሊሆን ይችላል፣ ከሰዓትም። ሌላው፣ ኦክቶበር 26 እሁድ ሌሊት የጀርመን ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ስልክ ራሱን ያስተካክላል፣ የግድግዳና የእጅ ሰዓት አያስተካክልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ወደ ሁለት ይሰፋል።

«በየሁለት ሳምንቱ» የሚለውን ላብ በተመለከተ፦ ጀርመኖች የዓመቱን ሳምንታት ቆጥረው በቁጥር ይጠሯቸዋል፤ ኦክቶበር 13 የሚውልበት 42ኛው ነው። ፕሮግራሙ ላይ «ጌራደ» ካለ ላቡ በሙሉ ቁጥር ሳምንታት ማለትም በ42፣ በ44፣ በ46 ነው፤ «ኡንጌራደ» ካለ በ43 ይጀምራል። አንዳንድ ክፍል ግን የሚቆጥረው ከትምህርቱ የመጀመሪያ ሳምንት ተነስቶ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ 42ኛው «1ኛ ሳምንት» ሆኖ ጎዶሎ ይባላል። ይቺ ልዩነት ብዙ ተማሪ ባዶ ላብ በር ላይ አቁማለች። ቀኑ በቁጥር ካልተጻፈ ጠይቂ።

ክፍል አፈላለግ፦ ኤች.ኤስ. ትልቁ የማስተማሪያ አዳራሽ ነው። የፎቅ አቆጣጠራቸው እንደ እኛ ጂ ፕላስ ነው፤ መሬቱ ዜሮ፣ ከሱ በላይ ያለው አንደኛ። «2.014» የሚል የክፍል ቁጥር ሁለተኛ ፎቅ ላይ 14 ቁጥር ነው። «ዩ» ወይም «ዩ.ጂ.» ካለበት ምድር ቤት ውረጂ። ከሁሉ በላይ የሕንፃውን አድራሻ እይ፤ ካምፓሶቹ ከተማው ውስጥ ተበታትነው «ኤች.ኤስ. 2» የሚባል አዳራሽ ሁለት ቦታ ሊኖር ይችላል።

ቅዳሜ የምትሠሪው ግልጽ ነው፦ ሱፐርማርኬት ሂጂ። እሁድ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው፤ ክፍት የሚሆኑት ትልልቅ የባቡር ጣቢያ ውስጥ ያሉ ጥቂቶች ናቸው፣ እነሱም ይወደዳሉ። የሲም ካርድ፣ ደብተር፣ የሰኞ ምሳ ሁሉ ቅዳሜ ይለቅ። መንገዱን እሁድ በእግርሽ ሄደሽ ብታይው ጥሩ ነው፤ ሕንፃው ግን ዝግ ሊሆን ይችላል፣ የእሁድ የአውቶቡስ ሰዓትም ከሰኞው ጋር አንድ አይደለም። የሰኞውን ሰዓት በመተግበሪያው ላይ ቀኑን ሰኞ አድርገሽ ፈልጊ።

ፋይል_ቁጥር_7፦

የምዝገባውን ነገር እኔ ልውሰደው። ኢማትሪኩላሲዮን (የዩኒቨርሲቲ ምዝገባው) ሳያልቅ የሚንጠለጠለው ብዙውን ጊዜ በሦስት ነገር ነው።

አንደኛው የጤና መድን ነው። ለቪዛ የገዛሽው የጉዞ ኢንሹራንስ ለምዝገባ አይሆንም። ከ30 ዓመት በታች ከሆንሽ ከመንግሥታዊዎቹ «ካሳዎች» (የጤና መድን ድርጅቶች) ለአንዱ፣ ለምሳሌ ለቴካ ወይም ለአኦካ፣ በኦንላይን ማመልከት ትችያለሽ። የተማሪ ክፍያው በወር ከ140 ዩሮ በላይ ነው። ከዚያ ካሳው ራሱ በኤሌክትሮኒክስ መንገድ ለዩኒቨርሲቲው ያሳውቃል፤ አንቺ ወረቀት ይዘሽ መሄድ የለብሽም፣ ግን «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው ማሳወቅ ያለብን» ሲሉሽ በትክክል መልሺ። ስምሽና የትውልድ ቀንሽ በፓስፖርቱ፣ በካሳው እና በዩኒቨርሲቲው ፊደል ለፊደል አንድ መሆን አለበት። የእኛ ስም አጻጻፍ እዚህ ላይ ያጣላል፤ አንዱ ጋ የአባት ስም፣ ሌላው ጋ የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ከገባ መልእክቱ ከፋይልሽ ጋር አይገናኝም። ፓስፖርቱ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የተጻፈውን ብቻ ተከተዪ፣ ሁሉም ቦታ።

ርካሽ የግል ኢንሹራንስ ገብተሽ ከመንግሥታዊው ነፃ ውጪ የሚል ምክር ብትሰሚ አትቸኩዪ። ያ ነፃ የመውጫ ወረቀት አንዴ ከተፈረመ ለትምህርትሽ ጊዜ በሙሉ አይመለስም።

ሁለተኛው የሴሚስተር ክፍያ ነው። ገንዘቡ ይከፈላል፣ ችግሩ የከፋዩ ስም ሌላ መሆኑ ነው። ከኢትዮጵያ ዶላር ማስወጣት ከባድ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ውጭ ያለ ዘመድ ነው። የባንክ ማዘዣው ላይ «ፌርቬንዱንግስጽቬክ» (የክፍያው ምክንያት) በሚለው ሳጥን ዩኒቨርሲቲው የሰጠሽ ቁጥር እንዳለ መገልበጥ አለበት። «ለእህቴ ትምህርት ቤት» ተብሎ የተላከ ገንዘብ ዩኒቨርሲቲው ሂሳብ ውስጥ ባለቤት አጥቶ ይቀመጣል። እንዲህ ሆኖ ከሆነ የባንኩን ደረሰኝ በፒ.ዲ.ኤፍ. ከማመልከቻ ቁጥርሽ ጋር ለተማሪዎች ምዝገባ ቢሮ ላኪ።

ሦስተኛው ዋናው ዲግሪ ነው። ኮስት ሼሪንግ ሳያልቅ ዋናው ስለማይሰጥ ብዙ ልጅ ቴምፖራሪ ይዞ ይመጣል። ቢሮው ዋናውን ወይም የተረጋገጠ ቅጂ ሊጠይቅ ይችላል። ምን እንደሚቀበሉ እዚያ ከደረሱ በኋላ ከመጠየቅ አሁኑኑ በኢሜይል መጠየቅ ይሻላል፤ ቴምፖራሪውን ይዘው በጊዜ ገደብ የሚመዘግቡ አሉ፣ ያ ገደብ እስከ መቼ እንደሆነ በጽሑፍ ተቀበዪ።

ካርድ ሳይኖር ክፍል መግባት ትችያለሽ? ትልቁ አዳራሽ ውስጥ አዎ። በር ላይ ካርድ የሚያይ የለም፤ ገብተሽ ተቀመጪ። የማትችዪው ሙድል ውስጥ መግባት፣ ፈተና መመዝገብ፣ መጽሐፍ መዋስ፣ በተማሪ ቲኬት መሳፈር ነው። የመጨረሻውን አደራ፦ ቲኬቱ እስኪደርስሽ ሰኞ ትራም ስትሳፈሪ ትኬት ግዢ። የወረቀት ትኬት ከሆነ «እዚህ አትም» የምትለዋ ትንሽ ማሽን ውስጥ ሳታስገቢው ዋጋ ላይኖረው ይችላል። ያለ ትኬት መያዝ ቅጣቱ 60 ዩሮ ነው፣ አዲስ ነኝ ማለትም አያድንም።

ቤት በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ አንሜልዱንግ (የመኖሪያ አድራሻ ምዝገባ) አለ፤ ከአከራይሽ የተፈረመ የመኖሪያ ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ቀጠሮው ቶሎ ስለማይገኝ ቅዳሜ ማታ በኦንላይን ያዢ።

ፈጣን_መልስ፦

ይህን ሁሉ ማስጨነቅ ምን ያስፈልጋል? የመጀመሪያው ቀን ትምህርት የለም። መምህሩ ራሱን ያስተዋውቃል፣ ስላይድ ያሳያል፣ አለቀ። ከበረራ ድካም እረፊና ማክሰኞ ጀምሪ።

አጋዥ_አስተማሪ፦

ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም፤ ይህ ምክር ሰው ሴሚስተር ያስከፍላል። ብዙ ትምህርት ላይኖር መቻሉ እውነት ነው። ግን የመጀመሪያው ሰዓት ስላይዶች ውስጥ ያለው ነገር በሌላ ቀን አይደገምም።

እህቴ፣ ሰኞ 10፡15 ላይ መምህሩ ከሚያሳያቸው የመጀመሪያ አምስት ስድስት ስላይዶች እነዚህን ቅጂ። ሙድል ላይ ኮርሱን የሚከፍተው የይለፍ ቃል፤ ብዙ ጊዜ አንዴ ስክሪን ላይ ይታይና ያልፋል፣ ስልክሽን አውጥተሽ ፎቶ አንሺው። የፈተናው ቀንና ዓይነት፤ የጽሑፍ ነው የቃል፣ 90 ደቂቃ ነው 120፣ ምን ይዞ መግባት ይቻላል። ቀጥሎ ዋናው፦ ለፈተና ለመቅረብ ቅድመ ሁኔታ አለው ወይ? አንዳንድ ኮርስ በየሳምንቱ ከሚሰጡት የመልመጃ ወረቀቶች ግማሹን ነጥብ ያላገኘ ተማሪ ፈተና ላይ እንዲቀመጥ አይፈቅድም። ሌላው ቦታ ያው መልመጃ ውጤት ማሻሻያ ብቻ ይሆናል። ይህን ሳያውቁ ሦስት ወረቀት ያለፋቸው ልጆች ዲሴምበር ላይ ሲነቁ ስሌቱ አልሞላ ይላቸዋል።

የሀገር ቤቱን ልማድ እዚህ ላይ መተው ያስፈልጋል። እኛ ጋ ኩዊዝ፣ አሳይመንት፣ ሚድ እያለ ነጥብ ይጠራቀማል፣ ፋይናል ላይ የሚቀረው ግማሹ ነው። ጀርመን ውስጥ አብዛኛው ኮርስ ውጤቱ መቶ በመቶ ከመጨረሻው ፈተና ነው። ውጤቱ ከ1.0 እስከ 5.0 ይሰጣል፣ 1.0 ምርጡ ነው፣ 4.0 የማለፊያው ጫፍ። በሴሚስተሩ መሀል «አልገባሽም» ብሎ የሚጠራሽ ሰው የለም፤ ስም መጥራትም የለም። አዳራሹ ኦክቶበር ላይ ሞልቶ ዲሴምበር ላይ ሲሳሳ ብታዪ አትከተያቸው።

ፎርሌዙንግ እና ኡቡንግ አንድ ኮርስ ናቸው፣ ሁለት አይደሉም። ጠዋት ፕሮፌሰሩ ቲዎሪ ይሰጣል፤ ከሰዓት ረዳቱ የመልመጃ ወረቀቱን ይሠራል። የኡቡንግ ቡድኖች ምዝገባ ግን ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ በተወሰነ ሰዓት ይከፈታል፤ ጥሩ ሰዓት ያላቸው ቡድኖች በደቂቃዎች ይሞላሉ፣ የሚቀረው ዓርብ ከሰዓት ነው። ሙድል ስለሌለሽ አጠገብሽ የተቀመጠውን ልጅ «መቼ ነው የሚከፈተው?» ብለሽ ጠይቂ፣ የክፍሉ ዋትስአፕ ቡድን ካለ ግቢ፣ ለረዳቱም ከኡቡንግ በኋላ ሁኔታሽን ንገሪው። ረዳቶቹ ስምሽን በእጅ ሊያስገቡ ይችላሉ፤ ከሳምንት በኋላ ግን አይችሉም። መልመጃውን ሁለት ሦስት ሆኖ ማስረከብ የተፈቀደ ከሆነ አጋር የሚገኘውም በዚያው ቀን ነው። በአራተኛው ሳምንት አጋር ፈልጎ የሚያገኝ የለም፣ ሁሉም ተጣምሯል።

ሌላ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፦ ኮርስ መመዝገብ እና ፈተና መመዝገብ የተለያዩ ናቸው። ሙድል ላይ ስምሽ አለ ማለት ፈተና ላይ ስምሽ አለ ማለት አይደለም። የፈተና ምዝገባ በሌላ ሲስተም፣ ብዙ ጊዜ በኖቬምበርና በጃንዋሪ መካከል፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ይከፈታል። ቀኑ ካለፈ ፕሮፌሰሩም ሊረዳሽ አይችልም፤ የሚወስነው የፈተና ቢሮው ነው፣ መልሱም «በሚቀጥለው ሴሚስተር» ነው። ተመዝግበሽ ሳትቀርቢ ብትቀሪ ደግሞ እንደ መውደቅ ሊቆጠር ይችላል፤ መሰረዣ የመጨረሻ ቀን አለው። አንድን ፈተና መውሰድ የሚቻለው በብዙ ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ስለሆነ የፕሮግራምሽን የፈተና ደንብ በዚህ ሳምንት አውርደሽ አንብቢ። ጀርመንኛ ብቻ ከሆነ በትርጉም መሣሪያ አሳልፊው፤ «ምዝገባ»፣ «መሰረዝ»፣ «ድጋሚ» የሚሉት አንቀጾች ይበቁሻል።

ስንት ኮርስ ልያዝ ለሚለው፦ መደበኛው በሴሚስተር 30 ክሬዲት ነው። አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ተብሎ ይሰላል፣ ስለዚህ 6 ክሬዲት ያለው ኮርስ እስከ 180 ሰዓት ይወስዳል ማለት ነው። ክፍል ውስጥ የምትቀመጪው ከዚያ ሢሶው ግድም ነው። የፈተና ምዝገባው ዘግይቶ ስለሚመጣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሰባት ኮርስ ገብተሽ አይተሽ አምስቱን መያዝ ትችያለሽ። ይህ ለፎርሌዙንግ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሴሚናርና ላብ ወንበራቸው የተቆጠረ ስለሆነ ይዘሽ ብትለቂ የሌላ ሰው ቦታ አባክነሻል፣ አንዳንዴም በውጤትሽ ላይ ይመዘገባል።

ትምህርቱ ሲያልቅ ሁሉም ጠረጴዛ በእጁ ሲያንኳኳ ትሰሚያለሽ። ጭብጨባ በሉት፤ አንቺም አንኳኪ።

ሰላም_ከባህርዳር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው ያብራራችሁልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፣ አሁን ደግሞ ጽጌ ገብቷል፤ ግቢ ውስጥ የሚበላ ነገር ይገኛል? ላቡ ደግሞ ረቡዕ ነው፣ ምን ልብስ ይዤ ልምጣ? አዎ፣ የማክሰኞው ሴሚናርም አለ፤ ሲስተሙ ውስጥ ሳልገባ እንዴት ልመዘገብ?

የሽሮ_ወዳጅ፦

የጾሙን እኔ ልመልስ። የተማሪው ምግብ ቤት ሜንዛ ይባላል፣ ምሳ የሚሰጠው ከ11፡30 አካባቢ እስከ 14፡00 ወይም 14፡30 ነው። የቀኑ ዝርዝር በድረ ገጽ ይወጣል፣ በየምግቡ ጎን ምልክት አለ። አንቺ የምትፈልጊው «ፌጋን» የሚለውን ነው፤ ሥጋም ወተትም እንቁላልም ቅቤም የለውም። «ፌጌታሪሽ» ከሚለው ተጠንቀቂ፣ እሱ ሥጋ የለውም ማለት ብቻ ነው፤ አይብና ክሬም ሞልቶበት ሊመጣ ይችላል። በአብዛኛው ሜንዛ በየቀኑ ቢያንስ አንድ የፌጋን ምግብ ይኖራል፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ድንች፣ አትክልት በሩዝ። ጨው እንጂ በርበሬ ስለማይበዛበት ሚጥሚጣ በትንሽ ብልቃጥ መያዝ ክልክል አይደለም።

እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ግን የእኛ 9 ሰዓት የእነሱ 15፡00 ነው፤ ሜንዛው ያን ጊዜ ተዘግቷል። ሁለት መንገድ አለ፦ 14፡00 ላይ ምግቡን በዕቃ ማስቀዳት፣ ብዙ ሜንዛ ተመላሽ ዕቃ በማስያዣ ይሰጣል። ወይም ከቤት ይዞ መምጣትና በተማሪዎች ማረፊያ ማይክሮዌቭ ካለ ማሞቅ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሲገባ ሴሚስተሩ መሀል ላይ ነው፣ ገና ድረስ ስለሚሄድ ይህን ከአሁኑ ልማድ ብታደርጊው ይጠቅምሻል። ሙስሊም ወንድምና እህቶች ለምታነቡ፦ የአሳማ ምልክት ለብቻው አለ፣ ግን ጀላቲንና አልኮል በሌላ ፊደል ወይም ቁጥር ነው የሚጠቆሙት፤ ሶስና ጣፋጭ ላይ እነሱንም እዩ።

ሰኞ ካርድ ስለሌለሽ ሜንዛ ላይ አትተማመኚ። ብዙ ቦታ ገንዘብ በእጅ አይቀበሉም፣ በተማሪ ካርድ ብቻ ወይም በባንክ ካርድ ነው፤ ካርድ ካላሳየሽ ደግሞ የእንግዳ ዋጋ ያስከፍሉሻል። ቅዳሜ ዳቦ፣ የሽምብራ ሁሙስና ፍራፍሬ ገዝተሽ ሰኞን እሱን ብዪ። የቧንቧው ውሃ ይጠጣል፣ ባዶ ጠርሙስ ይዘሽ ግቢ።

ቤተ መጻሕፍት ከገባሽም የ1 ወይም የ2 ዩሮ ሳንቲም ኪስሽ ውስጥ ይኑር፤ ቦርሳ ውስጥ አይገባም፣ ሣጥን ውስጥ የሚቆለፈው በሳንቲም ነው፣ ስትመለሺ ሳንቲሙ ይመለሳል።

የላብ_ቁልፍ፦

ረቡዕን በተመለከተ፦ የመጀመሪያው ቀን ሙከራ አይኖርም፣ የደህንነት ገለጻ ነው የሚኖረው። ገለጻውን ሰምተሽ ካልፈረምሽ ላብ ውስጥ አታልፊም፤ ይህ የኃላፊነት ሕግ ስለሆነ ረዳቱ ቢያዝንልሽም ማስገባት አይችልም። ሌላው ሁሉ ቢያመልጥሽ ይህ እንዳያመልጥሽ፣ ድጋሚ ላይሰጥ ይችላል።

ጋውኑ መቶ በመቶ ጥጥ መሆን አለበት፣ እጅጌው ረጅም። ሀገር ቤት ርካሹ የሚሸጠው ፖሊስተር የተቀላቀለበት ነው፤ እሳት ሲነካው ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ በር ላይም ይመልሱሻል። ኮሌታው ውስጥ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። ድፍን ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፣ ፀጉር ታስሮ። ነጠላ ወይም ሻሽ ከሆነ ጫፉ ጋውኑ ውስጥ ይግባ፣ ሂጃብም እንዲሁ፤ ከላይ የተንጠለጠለ ጨርቅ በእሳት ይያያዛል፣ በመቀላቀያ ማሽንም ይጠመጠማል። መነጽሩን ብዙ ላብ ይሰጣል፣ ጓንትም ይሰጣል፣ ጋውን ግን የራስሽ ነው።

ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ከሙከራው በፊት አጭር ጥያቄ አለ፣ የቃል ወይም የጽሑፍ። መመሪያውን ሳታነቢ ከመጣሽ ወደ ቤት ይሸኙሻል፣ ቀኑም እንደ መቅረት ይቆጠራል። ሪፖርቱ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይገባል። ቡድን ሲያደርጉሽ ከአጋርሽ ጋር ማን ምን እንደሚጽፍ በዚያው ቀን ተስማሙ።

አጋዥ_አስተማሪ፦

የሴሚናሩን ልጨርስልሽ። ሴሚናር ላይ የመጀመሪያው ቀን የማቅረቢያ ርዕስና ቀን የሚከፋፈልበት ነው። ያልተገኘ ሰው ወንበሩ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ስለዚህ ሲስተሙን አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ለመምህሩ ኢሜይል ጻፊ። የዩኒቨርሲቲ አድራሻ እስኪሰጥሽ የግል ኢሜይልሽ ይሁን፣ ግን ሙሉ ስምሽ የሚታይበት።

ርዕሱ ላይ የሴሚናሩን ስምና ቁጥር አድርጊ፣ ካለዚያ አይታይም። ሰላምታው «ውድ ፕሮፌሰር» ብሎ በቤተሰብ ስም ነው፤ በእኛ ልማድ በመጀመሪያ ስም አይጠሩም። ከዚያ አራት ነገር በአራት ዓረፍተ ነገር፦ ማን እንደሆንሽ፣ የትኛው ማስተርስ፣ የማመልከቻ ቁጥርሽ ስንት እንደሆነ። ቪዛው ዘግይቶ ስለወጣ ምዝገባሽ በሂደት ላይ መሆኑንና ሲስተሙ ውስጥ ገና መግባት አለመቻልሽን። ማክሰኞ በተባለው ሰዓትና ክፍል እንደምትገኚ። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ስሜን በዝርዝሩ ላይ በእጅ ማስገባት ይቻላል ወይ? የተቀባይነት ደብዳቤውን አያይዢ። ስለ ቪዛው ረጅም ታሪክ፣ ይቅርታ መደጋገም፣ «እባክዎን እባክዎን» አያስፈልግም፤ መምህሩ የሚያየው የምትፈልጊው ነገር ግልጽ መሆኑን ነው።

ቅዳሜና እሁድ መልስ ላይመጣ ይችላል፣ ያ የተለመደ ነው፤ ዝምታው «አይቻልም» ማለት አይደለም። ማክሰኞ አሥር ደቂቃ ቀድመሽ ግቢና ለመምህሩ ኢሜይሉን እንደላክሽ ንገሪው። የስም ዝርዝር ሲዞር ስምሽ ከሌለ ከታች በእጅ ጽፈሽ ጎኑ ላይ «ምዝገባ በሂደት ላይ» በዪ። ዝርዝሩ በቤተሰብ ስም ተራ ስለሚሄድ ራስሽን የምትፈልጊው በራስሽ ስም ፊደል ሳይሆን ፓስፖርቱ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ በሰፈረው፣ ብዙ ጊዜ በአያትሽ ስም ፊደል ነው። የተማሪ ቁጥርሽ ሲሰጥሽ በዚያው ቀን ለመምህሩ ላኪለት፤ ያለ እሱ ርዕስ ቢሰጥሽም ውጤት ማስገባት አይችልም።